የእናት ፍቅርና የንጉሥ መያዣ

የጭቆና አገዛዝ ሰውን የሚገዛው በጦርና በወህኒ ብቻ አይደለም፤ የሚወደውን ሰው መያዣ በማድረግም ጭምር ነው። በእንዲህ ያለ ዘመን ፍቅርና ኅሊና በአንድ ልብ ውስጥ ይሟገታሉ።

የጥንቷ ሮማ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ቄሣር ኔሮን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ59 ዓ.ም. እናቱን አግሪፒናን ባስገደለ ጊዜ፣ የአገሩ ሸንጎ ለገዳዩ የደስታ መግለጫ ሲያቀርብ፣ ትራሴያ የተባለው የሸንጎ አባል ተነሥቶ ወጣ። በ66 ዓ.ም. ሞት ተፈረደበት። ሚስቱ አርያ አብራው ልትሞት ብትነሣ፣ ስለ ልጃቸው ስትል እንድትኖር ለመናት።

በእኛም አገር፣ ከባቲ ወደ ምዕራብ ሽቅብ ሲወጡ በሚገኘው በወሎ ደጋ፣ ከዚህ የማያንስ ፈተና የደረሰባቸው እናት ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግ የደከሙ ንጉሥ መሆናቸው አይካድም። የወሎን እምቢተኝነት ለመስበር ግን የባላባት ልጆችን መቅደላ ላይ በመያዣነት አኖሩ፤ ከነዚህም አንዱ የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ነበር። በዚሁ አምባ 10 ዓመት ያህል በግዞት የኖሩት የሸዋው ምኒልክ፣ በሰኔ 1857 ዓ.ም. የንጉሡን ልጅ ሚስታቸውን ወይዘሮ አልጣሽን ትተው አመለጡና ወይዘሮ ወርቂት ሰፈር ገቡ።

እኒህን የ20 ዓመት ወጣት ለንጉሡ ቢመልሱ ልጃቸውን ያስለቅቁ ይሆናል። ሐሳቡ በልባቸው እንደ ተመላለሰ ይተረካል፤ በዚህስ በእናት ላይ የሚፈርድ ማን ነው? ነገር ግን ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ ባወቁ ጊዜ በቁጣ ልጃቸውን ከሌሎች የወሎ መያዣዎች ጋር አስገደሉት። ወይዘሮ ወርቂት የሌላዪቱን እናት ልጅ የበቀል ማብረጃ አላደረጉትም፤ ወደ ሸዋ ሸኟቸው።

በዚህ ሥራ የፖለቲካ ብልሃት የለበትም አይባልም፤ የቴዎድሮስ ባላንጣ የሚሆን ሸዋ ለወሎ ይጠቅም ነበርና። ቢሆንም ልጁ የሞተበት ሰው፣ ለሞቱ ሰበብ የሆነውን እንግዳ በደኅና መሸኘቱ ብልሃት ብቻ ሊባል አይችልም። ንጉሡም መያዣውን በገደሉ ጊዜ የገዛ ራሳቸውን ገመድ በጠሱ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ፣ የማምለጫውን መንገድ የዘጉት የወሎ ኦሮሞ ጦረኞች ነበሩ።

እንግዲህ የመቅደላን ታሪክ ስንተርክ፣ ከንጉሡ ሽጉጥ ጋር የእናቲቱንም ሸክም ማሰብ ይገባናል።