«ማስታወሻ» ስለሚባለው ቃልና በኮልፌ ስለ ተጻፈ አንድ ደብተር

የዕለት ውሎ የሚጻፍበትን ደብተር በተለምዶ «የቀን ማስታወሻ» እንለዋለን። በዚች አጭር ጽሑፍ የዚህን ስም ምንጭና ትርጉም መርምረን፥ በከተማችን በኮልፌ ከተጻፈ አንድ ማስታወሻ ጋራ ልናስተያየው አስበናል።

አስቀድመን ጎረቤቶቹን ቃላት እንመልከት። «አጀንዳ» በላቲን «ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች» ማለት ነው፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ነገ ያዞረ ስም ነው። «ደብተር» ደግሞ በዐረብኛ «ደፍተር» የሚባለው ሲሆን፥ ሥሩ «ዲፍቴራ» የተባለው የግሪክ ቃል ነው፤ ይኸውም የተለፋ ቆዳ ማለት ነው። ድንኳን ማለት የሆነው የግዕዙ «ደብተራ»ም ከዚሁ ቃል እንደ ወጣ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንግዲህ ይህ ስም የሚጻፍበትን ዕቃ ይናገራል።

«ማስታወሻ» ግን ሥራውን ይናገራል። እንደ «መክፈቻ» ያለ የመሣሪያ ስም ሆኖ «አስታወሰ» ከሚለው ግሥ ይወጣል። ግሡም ሁለት ፍች አለው፤ ሰው ያለፈውን በልቡ ሲያስብ «አስታወሰ» ይባላል፤ ለሌላው ሲያሳስብም «አስታወሰው» ይባላል።

ሁለቱም ፍች በኮልፌው ማስታወሻ ላይ ተፈጽሟል። በሰኔ 1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ በኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ጀመሩ። ከአስተማሪዎቻቸው አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ በጉዟቸው የቀን ማስታወሻ ይይዙ ስለ ነበር፥ ሰኔ 22 ቀን የመጀመሪያውን የፈንጂ ትምህርት መማራቸውን በአጭሩ ጻፉ። ይህን የጻፉት ለራሳቸው ነበር። ሆኖም ሐምሌ 4 ቀን 1955 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ፖሊሶች በጆሐንስበርግ አጠገብ በሪቮኒያ ያለውን እርሻ ሲፈትሹ ማስታወሻው ተያዘ፤ በፍርድ ቤትም ለከሳሾቻቸው ማስረጃ ሆነ። በሰኔ 1956 ዓ.ም. ማንዴላና ሰባት ጓደኞቻቸው ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ከዚያው ማስታወሻ ከፊሉ በመጽሐፍ ታተመ፤ ትናንት ባለቤቱን ያሳሰረው ጽሑፍ ዛሬ የትግሉ ምስክር ሆኖ ይነበባል።

ከዚህ የምንማረው አለ። የታሪክ ተማሪዎች ነንና የሌላ ሰው ማስታወሻ በእጃችን ይገባል። በዚያን ጊዜ ቃሉን በሁለት ፍቹ ልናስበው ይገባናል፤ ጸሐፊው ለራሱ ያስታወሰውን ነው እኛ ለሌላው የምናስታውሰው። ዐቃቤ ሕጉም ታሪክ ጸሐፊውም የሚያነቡት ያንኑ መስመር ነው፤ ልዩነቱ በአነባበባችን ነው።