እንግዳውን መምህር ምን ጠየቅነው?
ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ መቅደላ

የትምህርት ታሪክ በተነሣ ቁጥር እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች አፋችንን ሞልተን የምንጠራው ሐይቅ እስጢፋኖስን ነው። አይፈረድብንም። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ገዳም ጉባኤ ዘርግተው፣ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው፣ መጻሕፍት አስጽፈው አስተምረዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የዚያ ጉባኤ ፍሬ ናቸው። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የተሰጠው ወንጌል ስንት ጦርነት አልፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ግን አንድ ነገር እንዘነጋለን። ኢየሱስ ሞዓ ለሐይቅ እንግዳ ነበሩ። የመነኮሱትና የተማሩት በትግራይ፣ በደብረ ዳሞ ነው። ደብረ ዳሞን የመሠረቱት አቡነ አረጋዊ ደግሞ ከባሕር ማዶ ከመጡት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ ናቸው። የትምህርቱን ሐረግ ወደ ኋላ ብንስበው እንግዳ መምህር ላይ ያደርሰናል ማለት ነው። እንግዳው ግን እንግዳ ሆኖ አልቀረም፤ ቋንቋውን ለመደ፣ ተማሪ አፈራ፣ ተማሪውም በተራው መምህር ሆነ። ሐይቅን ሐይቅ ያሰኘው ይኸው ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ አቀባበል ደግሞ አለ፤ የተፈጸመውም በጦርነት መካከል ነው። መጀመሪያው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት፣ መጨረሻው ከአምባሰል በስተምዕራብ መቅደላ አምባ ላይ ነበር።

አጼ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ከኢየሩሳሌሙ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ከጎባት የተላኩት ክራፕፍና ፍላድ መጡ። ጳጳሱ እጅ ሥራ የሚያውቁ ወጣት ሚሲዮናውያን ልላክ ብለው ነበር፤ ንጉሡም ፈቀዱ። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በክሪሾና የተማሩት እነዚህ ሰዎች በሚቀጥለው ዓመት ገቡ፤ እነ ዋልድማየርም ኋላ ተከተሏቸው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጥተዋል፤ ሐሳባቸው ወንጌል ማስተማር ነው። ንጉሡ መሬት ሰጧቸው፣ አከበሯቸው፣ ልጆችም እንዲያስተምሩ አደረጉ።

እስከዚህ ድረስ መልካም። ግን አገሩ ሰላም አልነበረም። በወሎ፣ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በትግራይ አመፅ አንዱ ሲበርድ ሌላው ይነሣል። የወሎ ሰው የቴዎድሮስን ዘመቻ የሚያስታውሰው በቃጠሎው ነው። እናም ንጉሡ ከእንግዶቹ የሚፈልጉት ነገር እየጠበበ ሄደ፤ ከመንገድ ወደ ሠረገላ፣ ከሠረገላ ወደ መድፍ። ሚሲዮናውያኑ «እኛ መድፍ መሥራት የት እናውቃለን?» ቢሉ አሽከሮቻቸው ታሰሩ። ሞክሩ ተባሉ፤ ሞከሩ፤ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻ መድፉ ወጣ። ንጉሡ ደስ አላቸው። ጋፋትም ከትምህርት ቤትነቱ ይልቅ መድፍ መሥሪያነቱ ጐላ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ለመሆኑ በዚያን ጊዜ አገራችን ብረት የሚያቀልጥ ሰው አልነበራትምን? ነበራት እንጂ! ማረሻችንን፣ ጦራችንን፣ ምላጫችንን ማን ሠራው? ግን ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያልን፣ ሸክላ ሠሪዋን እየሸሸን፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን እንኖር ነበር። ባለእጁን መስደብ በአዋጅ የተከለከለው በምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ያም ሆኖ ስድቡ ወዲያው አልጠፋም። እንግዲህ የራሱን አንጥረኛ የሚንቅ ኅብረተሰብ ከውጭ የመጣውን አንጥረኛ በክብር ቢቀበል ዕውቀቱ በማን እጅ ይቀራል? ባላባቱ ልጁን ለወናፍ አይሰጥም። ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ መንገድ ሲሠሩ ሥራ ክቡር መሆኑን ለመኳንንቱ ማሳየታቸው ነበር፤ ግን አንድ ንጉሥ ብቻውን የዘመናት ንቀት አይሽርም።

ቀጥሎ የመጣው የታወቀ ነው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ አጣ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። የሚገርመው፣ በዚህ ሁሉ መካከል ንጉሡ መምህር መፈለጋቸውን አለማቆማቸው ነው። በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣነት አስቀርተው ባለሙያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹም ተቀጥረው፣ ባሕር ተሻግረው ምጽዋ ደረሱ። ግን «እስረኞቹ ካልተፈቱ አይገቡም» ተባለ፤ ንጉሡም «እነሱ ካልመጡ እስረኞቹን አልፈታም» አሉ። ሰዎቹ ከምጽዋ ተመለሱ፤ ከዓመት በኋላ በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ በዙላ በኩል የናፒየር ጦር ገባ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ተነሣ። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ በሰው ትከሻና በጠፍር እየተጐተተ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። የጋፋት ሰዎችም አብረው ተጉዘዋል። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ 700 ያህል ወገን ወደቀ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ተሐራጁ፤ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። ሴባስቶፖል ግን ማንም አልወሰደውም፤ መቅደላ ላይ ቀርቷል።

የጋፋት መምህራንስ? ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ። ከእነሱ አንዱ ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ። እዚያም በብሩማና መንደር በ1873 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ይህም ትምህርት ቤት ከ150 ዓመት በኋላ ዛሬም ያስተምራል። አንድ ሰው ነው! እኛ ዘንድ መድፍ ሆነ፤ እነሱ ዘንድ ትምህርት ቤት ሆነ።

ይህን የምንለው ቴዎድሮስን ለመኮነን አይደለም። «ጠላት በደጅ ቆሞ ፊደል ቁጠሩ ሊሉ ነው ወይ?» የሚል ጓደኛ ይኖረናል። እውነት አለው፤ መሣሪያ የሌለው አገር ምን እንደሚደርስበት መቅደላ ራሱ አሳይቷል። ቢሆንም በአሮጌ ዕለት ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ጉድለቱ የብረት ሳይሆን የጊዜና የተማሪ ነው። ሙያ በትእዛዝና በሰንሰለት ይሠራ ይሆናል፤ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው ግን በዓመታት ልምምድ ነው። ሐይቅ ለእንግዳው ዕድሜ ልኩን ሰጠው፤ ጋፋት የሰጠው አሥር ዓመት እንኳ በዘመቻ የተበላ ነበር።

ነገሩ የድሮ ተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሐይቅንና ደሴን ባዳረሰ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፤ በየወረዳው የትምህርት ቤት ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ወድሟል። እንዲህ ባለ ጊዜ «እስቲ ትምህርቱ ይቆይ» ማለት ይቀላል። የውጭ መምህርም ቢመጣ፣ የራሳችንም ቢመለስ፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ለዛሬ የሚሆን ነገር ነው። እኛ ግን እንላለን፦ መምህሩን «ምን ሠራህልን?» ከማለታችን በፊት «ማንን አስተማርህልን?» እንበለው፤ የሚማረውንም ልጅ አብረን እናቅርብለት፣ የቀጥቃጩን ልጅ ሳይቀር።