የተማሪዎች ኅብረት ገለልተኛ ቁጥጥር (ብሪታንያ)

በብሪታንያ የተማሪዎች ኅብረት ገለልተኛ ቁጥጥር ማለት ተማሪዎች መርጠው የሚመሩትን ማኅበር ምርጫ፣ ገንዘብና የአቤቱታ አሠራር ከአመራሩ ውጭ የሆነ አካል የሚመረምርበት ሥርዓት ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርት ሕግ አንቀጽ 22 ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ኅብረቱ ፍትሐዊና ዴሞክራሲያዊ ሆኖ መሥራቱንና ለገንዘቡ ተጠያቂ መሆኑን እንዲከታተል ያስገድዳል። ዋና ዋና ኃላፊዎች በምሥጢር ድምፅ ይመረጣሉ፤ ደመወዝ ያለውን የምርጫ ሥልጣንም ማንም በጠቅላላው ከ2 ዓመት በላይ አይይዝም። ከሁሉ የሚከብደው ድንጋጌ ግን የአቤቱታው ነው፦ ቅሬታ መርምሮ ሪፖርት የሚያቀርብ ገለልተኛ ሰው ቦርዱ ይሰይማል።

ይህ የኅብረቱን ነፃነት ይጋፋል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሰያሚው ቦርዱ በመሆኑ ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ሆኖም መርማሪው ሪፖርት ያቀርባል እንጂ ኅብረቱን አያስተዳድርም። ይህ ሕግ በቀጥታ የማይመለከተው ብሔራዊው የተማሪዎች ኅብረት እንኳ፣ 100ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2022 በፀረ አይሁድ ጥላቻ ተወቅሶ መንግሥት ግንኙነቱን ሲያቋርጥበት፣ የውጭ መርማሪ አስፈልጎታል። ምርመራውን ያካሄዱት የሕግ ባለሙያዋ ሬቤካ ታክ በጃንዋሪ 2023 ይፋ በሆነው ሪፖርት አይሁዳውያን ተማሪዎች በኅብረቱ ውስጥ ጥላቻ እንደገጠማቸው አረጋገጡ፤ ኅብረቱም ግኝቱን ተቀብሎ ይቅርታ ጠየቀ።