የአርሊንግተን ቤትና የቁልፉ ባለአደራ

ከዋሽንግተን ማዶ፣ ከፖቶማክ ወንዝ በላይ በሚገኘው የቨርጂንያ ኮረብታ ላይ ስምንት ግዙፍ ዓምዶች ያሉት አንድ ቤት ከሩቅ ይታያል። የአርሊንግተን ቤት የሚባለውን ይህን ሕንፃ ከ1802 እስከ 1818 (እ.ኤ.አ.) ያሠራው የጆርጅ ዋሽንግተን የእንጀራ የልጅ ልጅ ከስቲስ ሲሆን፣ የሠሩት ግን በባርነት የያዛቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። በ1972 የተሰጠው ስም የጄኔራል ሮበርት ሊ መታሰቢያ ያደርገዋል፤ እኛ ግን ከጄኔራሉ ይልቅ የቤቱን ታሪክ ማን እንደጠበቀው መጠየቁን እንመርጣለን።

የከስቲስን ልጅ ያገባው ሊ ከአሜሪካ ጦር የተሰናበተበትን ደብዳቤ የጻፈው እዚሁ ቤት፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1861 ነው። በተከታዩ ወር ሚስቱ ሜሪ ቤቱን ለቅቃ ስትሄድ ቁልፉን ያስረከበችው በባርነት ለምታገለግላት ለሰሊና ግሬይ ነበር። ሜይ 24 የፌዴራሉ ጦር ኮረብታውን ያዘ። ግሬይም የጆርጅ ዋሽንግተን ዕቃዎች መሰረቃቸውን እንዳየች ለጄኔራል ማክዶዌል አመለከተች፤ እርሱም የቀሩትን ወደ ዋሽንግተን አዛውሮ አስቀመጣቸው። በሕግ ፊት ያን ጊዜ ሴትዮዋ ራሷ ንብረት እንደነበረች አንባቢ ልብ ይበል። የነፃነት ሰነዱ የተፈረመው በ1862 መጨረሻ ነው።

በ1864 መንግሥት 92 ዶላር ከ7 ሳንቲም ግብር አልተከፈለም ሲል ርስቱን ለሐራጅ አቀረበ። ባለቤቲቱ የላከችው ሰው ገንዘቡን ይዞ ቢመጣም፣ እርሷው ካልቀረበች አንቀበልም ተብሎ ተመለሰ። ገዢውም ራሱ መንግሥት ሆነ፤ ዋጋው 26,800 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በግቢው ወታደሮች ይቀበሩ ጀመር። ጄኔራል ሜይግስ መቃብሮቹን እስከ አበባው አትክልት ጠርዝ ያስጠጋው የሊ ቤተሰብ ተመልሶ እንዳይኖርበት ነው፤ በ1866 የ2,111 ያልታወቁ ሙታን አፅም በዚያ በአንድነት አረፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1882 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ርስቱ ያለ ሕግ አግባብ ተወስዷል ብሎ ለሊ ልጅ ፈረደ። ልጁም በመቃብር የተሞላውን መሬት ምን ያድርገው? በ1883 በ150,000 ዶላር ለመንግሥት ሸጠው። ቤት በአዋጅ ሲወረስ ያየን እኛ፣ መንግሥት በራሱ ችሎት ተረትቶ መክፈሉን ሳናደንቅ አናልፍም።

ኮንግረስ በ1925 ቤቱ እንዲታደስ ሲወስን ግን ምስክርነት የተገኘው ከወራሾቹ ብቻ አልነበረም። በግቢው በባርነት የተወለደውና ከመጀመሪያዎቹ መቃብር ቆፋሪዎች አንዱ የነበረው ጄምስ ፓርክስ፣ የውሃው ጉድጓድና የፈረሱት ቤቶች የት እንደነበሩ አመላከተ። የግሬይ ሴት ልጆችም የክፍሎቹን አያያዝ አስረዱ። ፓርክስ በ1929 ሲሞት እዚያው ተቀበረ። ግሬይ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የኖረችበት ክፍል ከዋናው ቤት በስተጀርባ ይገኛል።