ከልደታ ወደ ቦሌ፦ መንደርደሪያ በአቪዬሽን ታሪካችን

የአገራችን የአቪዬሽን ታሪክ ሲጻፍ አውሮፕላኖቹ በየስማቸው ይወሳሉ፤ የተነሡበት ምድር ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ በእኔ አስተያየት የታሪኩን ግማሽ መተው ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በእነዚያ ዓመታት የአዲስ አበባ ማረፊያ ልደታ ነበረ። የዘመኑ ዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች ባልተነጠፈ ሜዳ እንኳ ይነሡ ስለነበር ልደታ ይበቃቸው ነበር። ለቦይንግ 720 ጄት ግን አልበቃም።

ምክንያቱን ከከተማዋ ከፍታ ጋር አያይዞ መመርመር ይገባል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,326 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሣት አውሮፕላኑ በምድር ላይ 12 በመቶ ያህል ጨምሮ መፍጠን ይኖርበታል፤ የሞተሩም ጉልበት እንዲሁ ይቀንሳል። በደከመ ሞተር የላቀ ፍጥነት ላይ ለመድረስ ደግሞ ረጅም ሜዳ ያሻል። በዚህ ላይ አብራሪው ከመንደርደሩ በፊት አንድ የፍጥነት ልክ ያሰላል፦ እዚያ ሳይደርስ ሞተር ቢጠፋበት ፍሬን ይዞ በቀረው ሜዳ ይቆማል፤ ካለፈው ግን በቀረው ሞተር መነሣት ግድ ይሆንበታል። መንደርደሪያው ካጠረ ክብደት መቀነስ አለበት፤ ይህም መንገደኛ፣ ጭነት ወይም ነዳጅ መተው ማለት ነው።

የቦሌ መንደርደሪያ በ1955 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር የጄት ዘመን በአዲስ አበባ ተከፈተ። ለእኔ የዘመኑ ትልቁ ውሳኔ የጄቱ ግዢ ሳይሆን ይህ ሜዳ ነው። ዛሬ በቦሌ ያሉት ሁለት መንደርደሪያዎች እያንዳንዳቸው 3,700 ሜትርና ከዚያ በላይ ይረዝማሉ።

ርዝመቱ ግን ከፍታውን ፈጽሞ አላሸነፈውም። በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ ከዚያ ወደዚህ አውሮፕላኑ በቀጥታ ሲመጣ፣ ከዚህ ሲሄድ ግን ለብዙ ዓመታት በሮም፣ በደብሊን ወይም በሎሜ ነዳጅ ለመቅዳት ቆሟል። የነፋሱ ድርሻ ቢኖርበትም፣ ታንክ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ከቦሌ መነሣት ከባድ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ለታቀደው አዲስ ኤርፖርት የተመረጠው ምድርም ከቦሌ ዝቅ ያለ ነው፤ በረጅም በረራ የጭነት ስሌት ላይ ይህ ልዩነት በቶን ይቆጠራል።