ምላስን ያደነዘዘ፣ ዓይንን ያሳረፈ

ዓይን ቀዶ ጥገናን እምቢ የሚል አካል ነው። እግር ሲቆረጥ በሽተኛውን ጠፍሮ መያዝ ይቻላል፤ ዓይንን ግን ማን ይጠፍረዋል? ስለት ሲቀርበው ይርገበገባል፣ ይሸሻል። በኤተር ማስተኛትም ለዓይን ሐኪሞች እምብዛም አልበጀም፤ በሽተኛው ሲነቃ የሚያስመልሰው ትውከት ገና ያልጠገገውን ቁስል ይከፍተው ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1884 ይህ ነገር በቪየና አንድ የ26 ዓመት ወጣት ሐኪም እንቅልፍ ነሥቶት ነበር፤ ካርል ኮለርን። ባልንጀራው ሲግመንድ ፍሮይድ (አዎን፣ ያው የሕልም ፈቺው ፍሮይድ) በዚያው ዓመት ስለ ኮካ ቅጠል ጽሑፍ አሳትሞ እጮኛውን ሊጠይቅ ወደ ሰሜን ጀርመን ሄደ። ኮኬይን ምላስን እንደሚያደነዝዝ አልበርት ኒማን ከቅጠሉ ለይቶ ካወጣበት ከ1860 ጀምሮ ይታወቃል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስንት ምላስ ደነዘዘ! ነገሩን ወደ ዓይን ቀዶ ጥገና ያሻገረው ግን አልተገኘም።

ኮለር ጠብታውን በእንቁራሪት ዓይን ላይ አደረገ፤ ጥቂት ቆይቶ ሲነካው ዓይኑ አልተርገበገበም። ቀጥሎ ጥንቸል፣ ቀጥሎ ውሻ። በመጨረሻ ከባልደረባው ጋር በገዛ ዓይናቸው ጨምረው፣ በመስታወት ፊት ቆመው፣ የዓይናቸውን ገጽ በስፒል ራስ ነኩት። መነካቱን አላወቁም። መስከረም 15 ቀን 1884 በሃይድልበርግ ጉባኤ ጽሑፉን ያነበበለት ሌላ ሰው ነው፤ ኮለር የመሳፈሪያ ገንዘብ አልነበረውም።

ምስጢሩ የተገለጠው ዘግይቶ ነው። ሕመም በነርቭ ውስጥ የሚጓዘው በሽፋኑ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች በየተራ እየተከፈቱ፣ ሶዲየም ወደ ውስጥ እየገባ፣ አንዱ ቀጣዩን እየቀሰቀሰ ነው። መድኃኒቱ ሽፋኑን ዘልቆ ይገባና በሩን ከውስጥ በኩል ይደፍነዋል፤ መልእክቱም እዚያው ይቀራል። መግል የቋጠረ ሥጋ ግን አሲድነቱ ስለሚጨምር መድኃኒቱ በቀላሉ አይዘልቅም። ድዱ አብጦ መርፌ ከተወጋ በኋላ «አልደነዘዘልኝም» የሚል ሰው እንግዲህ ቀብጦ አይደለም።

ኮኬይን ዋጋ አስከፍሏል። በኒውዮርክ ነርቭን በመርፌ ማደንዘዝ የሞከረው ዊሊያም ሃልስቴድ የሱስ ባሪያ ሆነ። ይህን ጣጣ ያላመጡት ፕሮኬይንና ሊዶኬይን ኋላ ተሠሩ፤ ሁለተኛው በ1943 በስዊድን። ኮለር ራሱ በ1885 አይሁዳዊነቱን ከሰደበ ባልደረባው ጋር በሰይፍ ተጋጠመ፤ የተመኘውን ሥራም በቪየና ሳያገኝ በ1888 ወደ ኒውዮርክ ተሻገረ።

ፍሮይድስ? በ1925 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ያ ዝና ያመለጠው በእጮኛው ምክንያት እንደሆነ ጻፈ። እጮኛይቱ ያን ጊዜ ሚስቱ ከሆነች አርባ ዓመት ሊሞላት ተቃርቦ ነበር።