የሞተር ትንፋሽ፦ ከአናናስ ሽታ እስከ ትንሿ ቫልቭ

ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ የሞቀ ዘይት ሽታ አፍንጫችሁን ሰንጎት ያውቃል? አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ከፈት ይደረግና ጉዞው ይቀጥላል። ሽታው ግን ታሪክ አለው፤ እስቲ እንከተለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ጋዙ ፒስተኑን ቁልቁል ይገፋዋል። የፒስተኑ ፋሻዎች ምንም ያህል ቢጠብቁ ጥቂት ጋዝ በጎናቸው ሾልኮ ዘይት ወዳለበት ወደ ሞተሩ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። ያልተቃጠለ ነዳጅና የውሃ እንፋሎትም ይዞ ነው የሚወርደው። መውጫ ካጣ ዘይቱን ያበላሻል፤ ግፊቱ ሲጨምርም ዘይቱን በጓርኒሲዮን በኩል ያስተፋዋል። ስለዚህ ሞተር መተንፈስ አለበት።

የድሮዎቹ መሐንዲሶች መላ ቀላል ነበር፦ ከሞተሩ ወደ አስፋልቱ የሚወርድ ክፍት ቱቦ። መኪናው ሲሮጥ ከስር የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን ስቦ ያወጣዋል። መኪናው ሲቆምስ? መሳቡም ይቆማል። የወጣው ጋዝ ደግሞ የት ይሄዳል? ሰው ወደሚተነፍሰው አየር!

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥልቅ ውሃ ለሚሻገሩ ታንኮች ክፍት ቱቦ አልሆነም፤ ውሃ ያስገባል። ስለዚህ ጋዙን መልሶ ወደ ሞተሩ አስገብቶ የሚያቃጥል ዝግ ዘዴ ተሠራላቸው። መላው ተገኘ ማለት ነው። የከተማ መኪኖች ግን በቱቧቸው ቀጠሉ።

በእነዚያው ዓመታት፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ ሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሸፈናት። ምንጩ ለዓመታት አከራከረ። ከዚያ አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ የኔዘርላንድስ ተወላጅ ኬሚስት መጣ። ሰውየው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የአናናስን ጣዕምና ሽታ የሚሰጡ ነገሮችን ሲያጠና የነበረ ነው። በዚያው ዘዴ የከተማዋን አየር መረመረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያም የነዳጅ ትነትና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ተዋህደው ኦዞን እንደሚፈጥሩ አሳየ። ለካ መኪኖቹም ተጠያቂ ነበሩ!

ጥፋቱ ደግሞ የማርሚታ ብቻ አልነበረም። ያ ክፍት ቱቦም ድርሻ ነበረው። በ1961 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የታንኮቹን ዓይነት ዝግ ዘዴ በአዳዲስ መኪኖች ላይ እንዲገጠም ወሰነች። በአሜሪካ የመጀመሪያው የመኪና ብክለት መቆጣጠሪያ ይኸው ነው፤ ዋናው ዕቃውም ፒሲቪ የምትባል ትንሽ ቫልቭ ናት።

ታዲያ ዛሬ ሽታው ለምን ይመጣል? ቫልቯ በዘይት ዝቃጭ ስትደፈን ወይም ቱቦዋ ሲሰነጠቅ ጋዙ በየቀዳዳው ማምለጥ ይጀምራል። በብዙ የቆዩ የቤንዚን መኪኖች ሞተሩን አጥፍቶ ቫልቯን ነቅሎ መነቅነቅ ነው፦ ከተንኳኳች ውስጧ ይንቀሳቀሳል፤ ዝም ካለች ተደፍናለች። ብትንኳኳም ግን ቱቦውን ሳታዩ አትለፉ። ሁለቱም ደህና ሆነው ግፊቱ ካልቀነሰ ያኔ ፋሻዎቹ ይጠረጠራሉ። ቅደም ተከተሉን አትርሱ፤ ሞተር ማስፈታት በጣም ውድ ነው፣ ቫልቭ መቀየር ግን ርካሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ጋዝ ጋር ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይወጣል። ስለዚህ ሽታውን እንደ ማስጠንቀቂያ ቁጠሩት። መስኮት መክፈት ጥሩ ነው፤ መፍትሔው ግን ኮፈኑ ስር ነው ያለው። ሎስ አንጀለስም የዳነችው ሽታውን በመልመድ ሳይሆን «ከየት መጣ?» ብሎ በጠየቀ ሰው ነው።